በሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ

በሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ልጆቼ ለጎረቤት ሲያወሩ «አባባ አርጅተዋል፣ ልባቸው ስቷል» ይላሉ አሉ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪምም ይህንኑ ብሏል። አልሳተም። በሩን የነቀልኩት በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ካቻቪቴዬ ነው። ባለቤቴ ብሎኖቹን በጭኗ ላይ እየተቀበለች ታግዘኝ ነበር። እሷን ልቧ ስቷል የሚላት የለም። ምላሷን ይፈራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በረዶ ቤት ነው። ሥጋና ዓሣ የሚቀመጥበት ትልቅ መጋዘን። ውጭው በሐሩር ሲነድ እኛ ካፖርት ለብሰን፣ ጆሯችንን ጠቅልለን ሣጥን ስንደረድር እንውላለን። ሌሎቹ በየመሐሉ ለመሞቅ ይወጣሉ። እኔ አልወጣም። ለዚህ ነው «በረዶ» ያሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ካውያ ላይ ነበረች። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሐል ቆማ የሆቴል አንሶላና የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች። ማታ እኔ ከበረዶ፣ እሷ ከእሳት መጥተን እንገናኛለን። እግሬን እግሯ ላይ ሳሳርፍ ትጮሃለች፤ ግን እግሯን አታሸሽም። እኔም ክንዷ ሲያቃጥለኝ እነጫነጫለሁ፤ ግን ክንዴን አላነሳም። ጥቂት ቆይተን እኩል እንሆናለን። አስታራቂያችን አልጋው ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው በአንዲት ክፍል ነው። ልጆቹ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኛ ከመጋረጃው ወዲህ። በኋላ ይህን ቤት ሠራን። ክፍሉ በዛ፣ በሩም በዛ። በሮቹን በእጄ ገጠምኳቸው፤ የሚዘጋቸው ግን ጠፋ። በመጋረጃ የኖረ ሰው በር መዝጋት አይሆንለትም። እያደር ነገሩ ሕግ ሆነ። በእኛ ቤት የውስጥ በር የሚዘጋው ያኮረፈ ሰው ብቻ ነው። በር ተዘግቶ ከታየ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ማን ምን አደረገው?» ይባባላል። ያስቀየመው ሰው ሄዶ ያንኳኳል። ያኮረፈውም ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ ተኩራርቶ ይከፍታል። ልጆቼ በዚህ ሕግ ነው ያደጉት። ወንዱ ልጄ ሁለቱን መኝታ ክፍሎች ከሚያገናኘው ከመሐሉ በር ጀርባ ስንት ጊዜ እንዳኮረፈ እኔ አውቃለሁ።

ስናረጅ ሰውነታችን ሥራውን አልረሳም። እኔ ሙቀት አልችልም። ትንሽ ሲግል እግሬ ያብጣል፣ ትንፋሼ ያጥራል። እሷ ብርድ አትችልም። ነፋስ ሽው ሲል ጉልበቷን ይዛ ታቃስታለች። ስለዚህ ጠባችን ሁሉ በመስኮት ሆነ። እከፍታለሁ፤ «ዝጋ» ትላለች። «ልታፍኚኝ ነው?» እላለሁ። «ዓሣ አደረግኸኝ እንዴ፣ ልታደርቀኝ ነው?» ትላለች። እዘጋና ትንሽ ቆይቼ ጣት የሚያስገባ ያህል መልሼ ገርበብ አደርገዋለሁ። አይታ እንዳላየች ታልፋለች። በማግሥቱ «ትናንት ያቺን ጣት የምታህለውን ማርኩህ» ትለኛለች። ከዚህ ሌላ ብዙ ጨዋታ አልነበረንም። አላስፈለገንም።

ባለፈው ክረምት እሷ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰነጠቀ። ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዛ ከሐኪም ቤት ተመለሰች። ሐኪሟ ብርድ እንዳይነካት አዘዘ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ማሞቂያው ተለኮሰ። እኔ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ከአልጋው ጫፍ ስነሣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸ። ስነቃ ሴቷ ልጄ፣ ነርሷ፣ አጠገቤ ተንበርክካ የልቤን ምት ታዳምጣለች። የኔ ሐኪም ደግሞ ሙቀት ቤት እንዳልቀመጥ አዘዘ። አንዱ ሐኪም እሷን አሙቁ፣ ሌላው እኔን አቀዝቅዙ አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አልክድም።

ወንዱ ልጄ እንጀራው ይኸው ነው፤ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይገጥማል። ሰው «መሐንዲሱ» ይለዋል። እኔም ሲያናድደኝ እንደዚያ እለዋለሁ። መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ አስረዳኝ። ከእንግዲህ ለየክፍሉ የራሱ አየር ይኖረዋል። ውጭ አንድ ትልቅ ሣጥን ይቆማል። ኮርኒሱ ውስጥ ቱቦ ይዘረጋል። ከኔ ክፍል የሚወጣው ሙቀት በቱቦው ዞሮ ወደ እናቱ ክፍል ይገባል። ይህን ሲናገር ዓይኑ በራ። አልጋችን ይህንኑ ያለ ቱቦ ይሠራው እንደነበር ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ልጅ ሥራውን ሲወድ ማየት ደግ ነው።

«እማዬ ደስ ብሏታል» አለኝ። ደስ ካላት እኔ ምን አግዶኝ። «ይሁን» አልኩ።

ሠራተኞች መጥተው ኮርኒሱን ቀደዱ፣ ቱቦውን ዘረጉ፣ መልሰው ደፈኑ። በየክፍላችን ግድግዳ ላይ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ ሣጥን ሰቀሉ። እኔን ልጄ ነርሷ ስታድግ ወደነበረችበት ክፍል፣ ከመሐሉ በር ወዲያ አዛወሩኝ። ባለቤቴ በነበርንበት ቀረች። የግድግዳው ሣጥን ለኔ ጣት አይታዘዝም። የሚታዘዘው ለልጄ ስልክ ነው። ሥራ ቦታው ተቀምጦ የአባቱን ቅዝቃዜና የእናቱን ሙቀት በስልኩ ያያል። ለስንት ዓመት የለመድኩትን መስኮት ትቼ ለብርድ ልጄን ላስፈቅድ ነው ማለት ነው።

መዋሸት አልወድም። አየሩን ሰውነቴ ወደደው። የእግሬ እብጠት ጎደለ። ትንፋሼ ረዘመ። ባለቤቴም ጉልበቷ ተፍታታ አሉኝ። አሉኝ የምለው ስላላየሁ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር።

ማን እንደዘጋው አላየሁም። ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ፤ ስነሣ የመሐሉ በር ተዘግቷል። ተቀምጬ ምን እንዳደረግኋት አሰብኩ። አልጋ ሲያዛውሩ ዝም ማለቴ ይሆን? የእህቷን ነገር አንስቼባት ይሆን? ምንም አላገኘሁም። ሳላጠፋ የማንኳኳበት ምክንያት የለም አልኩ። እዚያው አለሁ፣ ታንኳኳ አልኩ።

ከወዲያ የምርኩዟ እግር ወለሉን ሲነካ ይሰማኛል። ወደ በሩ ይመጣል። ይቆማል። ይመለሳል።

አንድ ጠዋት መስኮቴን ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ መክፈት አያስፈልገኝም ነበር። ከፍቼ ቆምኩ። ዝጋ የሚለኝ የለም። የተከፈተ መስኮት እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ራሴ ዘጋሁት።

ልጄ በየቀኑ ይደውላል። ስልኩን እያየ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይለኛል። ልክ ነን አልኩት። ምን ልበለው? በስልኩ ላይ እኛ ሁለት ቁጥር ነን፤ ቁጥር አያኮርፍም።

እንዲህ እያልን ሳለ ልጄ ነርሷ ሥራ በዝቶባት አረፈደች። የእናቷን ክኒን የምትሰጣት እሷ ናት። ደውላ እኔ እንድሰጥ ለመነችኝ። ክኒኑንና ውኃውን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩ። የገዛ ሚስቴን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«በረዶ ነኝ።»

«በረዶ ከሆንክ እዚያው ክፍልህ። እዚህ ትቀልጣለህ።»

ክኒን ይዣለሁ አልኳት። ለክኒኑ ስትል ግባ አለችኝ። ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ መታኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ክኒኑን ዋጠች። ብርጭቆውን ሳትዞር መለሰችልኝ። ምን ባጠፋ ነው የዘጋሽብኝ አልኳት። ያን ጊዜ ዞረች።

«እኔ? አንተ አይደለህ የዘጋኸው?»

«እኔ መቼ ነካሁት።»

«ለብቻዬ ክፍል ይሁንልኝ አላልክም?»

«አንቺ ደስ ብሎኛል አላልሽም?»

ቀስ እያልን ነገሩን ስንመረምረው ለኔ እሷ ደስ ብሏታል ያለው፣ ለሷ እኔ ጠይቄያለሁ ያለው አንድ ሰው ሆነ። በሩንም የዘጋው እሱ ነው። አየሩ እንዳይደባለቅ። ለደግ ነው ያደረገው። የቤቱን ሕግ ያውቃል፤ ነገር ግን ሥራ ላይ ሲሆን የሥራውን ሕግ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። እሷ በሩ ድረስ እየመጣች «ያኮረፈው እሱ፣ የማንኳኳው እኔ?» እያለች ትመለስ ነበር።

«ሰው ሳይጣላ የሚያለያይ ልጅ ወለድን» አለችና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

በሩን ብርግድ አድርገን ከፈትነው። ሣጥኖቹ ቁጥር መቀያየር ጀመሩ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። ልጄ ነው። የመሐሉ በር የተከፈተ ይመስላል አለ። ይመስላል ሳይሆን ተከፍቷል አልኩት። ሲመሽ መጥቶ በትዕግሥት አስረዳን። የኔ ብርድ ወደ እሷ፣ የሷ ሙቀት ወደኔ ይሄዳል። ያኔ ሁለቱም ሐኪሞች የፈሩት ይመጣል። መሣሪያውም ከራሱ ጋር ሲታገል ይቃጠላል። ከዚያ ከቦርሳው ሞላ አወጣና በሩ ላይ ገጠመ። በሩ ከዚያ ወዲህ ቢከፍቱትም ራሱን ይዘጋል።

በማግሥቱ ባለቤቴ ወደኔ ልትመጣ በሩን በትከሻዋ ገፋች። ምርኩዟን አሳልፋ እግሯን ልታስከትል ስትል በሩ ተመልሶ ምርኩዙን ያዘው። እሷ መቃኑን ይዛ ተንጠለጠለች። ደርሼ ያዝኳት። አልወደቀችም፤ ፊቷ ግን እንደ አመድ ሆነ። ልጄ ነርሷ ሰምታ መጥታ የተቆጣችው በሩን ሳይሆን እኛን ነው። እናቷ ወደኔ መምጣት ከፈለገች በመተላለፊያው ዞራ ትምጣ አለች። ወንድሟም በስልክ ይህንኑ አለ። ሚስቴ ባሏን እንደ እንግዳ በመተላለፊያ ዞራ ልትጠይቅ ነው።

መጀመሪያ በሰላም ሞከርኩ። በረዶ ቤት በር ላይ የሚንጠለጠል ወፍራም የፕላስቲክ መጋረጃ አለ፤ ብርዱን ይይዛል፣ ሰው ያሳልፋል። ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ዘበኛው «በረዶ፣ እስካሁን አልቀለጥክም?» ብሎ አስገባኝ። ከተጣለው ቁራጭ መርጬ አመጣሁ፤ በሩን በድንጋይ አስደግፌ መቃኑ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችው። የዓሣ ሽታው እስካሁን አለው።

«ጥሩ» አለች። «አሁን መንጠቆ አምጣና ጎኔን አንጠልጥልልኝ።»

አወረድኩት። እውነቷን ነው። አየሩን ቢይዝም ቤት አይመስልም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«በሩን የገጠመው ማነው?»

«እኔ።»

«የገጠመ እጅ መንቀል ያቅተዋል?»

ካቻቪቴዬን አመጣሁ። ማጠፊያዎቹ ዝገዋል፤ ብሎኖቹ እምቢ አሉ። ዘይት ጠብ አደረግሁባቸው። አንዱን ፈትቼ ዐረፍኩ። ሌላውን ፈትቼ ዐረፍኩ። እሷ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀምጣ ብሎኑን በቀሚሷ ትቀበላለች። የቸኮልኩ ሲመስላት «ቀስ በል፤ በሩ አይሮጥም» ትላለች። የልጄን ሞላ ስፈታ ብቻ ምንም አላለችም። የመጨረሻው ማጠፊያ ሲለቅ መዝጊያው ትከሻዬ ላይ መጣ። ሁለታችንም ያዝነው። በምንጣፍ ላይ አጋድሜ እየጎተትኩ ግቢ አወጣሁትና ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ከዚያ አልጋዎቹን ገፋን። የሷ ጎማ አለው፤ የኔ ቀላል የብረት አልጋ ነው። ራስጌዬን ደፉ ድረስ አመጣሁ። የሷንም ራስጌ ከወዲያ። ራስጌ ለራስጌ ገጠሙ። እግሬ በኔ ብርድ፣ እግሯ በሷ ሙቀት፣ ጭንቅላታችን ከደፉ ላይ። ስትጋደም እጇን አሳልፋ ራሴን ነካችው።

«ከእንግዲህ ስታንኮራፋ ሁለት ክፍል ይሰማሃል» አለች።

ልጆቹ ተጠራርተው መጡ። ወንዱ በባዶው መቃን ፊት ቆመ። ስልኩ ላይ ቀይ ነገር ይበራል። ብዙ ተናገረ። መሣሪያው ዓመት አይቆይም አለ። ይህን ሁሉ የደከመው ለማን ነው አለ። የሰው ቤት ቢሆን ጥሎ ይሄድ እንደነበር ተናገረ። እህቱ ሰላም ሳትለኝ ክንዴ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠመጠመች። ወንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

«መሐንዲሱ» አልኩት። «በመጋረጃው ቤት ሳለን ስትታመም መሐላችን ነበር የምትተኛው። አየሩ የማን ነበር? የኔ ነው የእናትህ?»

«ያ ሌላ ጊዜ ነው፣ አባባ» አለ።

«ጊዜው ሌላ ነው። እኛ ያው ነን።»

ልጄ ነርሷ መለኪያውን ሳትፈታ ቀና አለች። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል።

«ልብዎ ቢቆምስ?»

«ቢቆም የምትሰማው እናትሽ ናት። ግድግዳው ላይ ያለው ሣጥን አይደለም።»

ወንዱ ልጄ ወደ እናቱ ዞረ። እሷ እንደምትረዳው ተስፋ አድርጎ ነበር መሰለኝ። እናቱ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ሙቀቱን ሰጣችሁኝ፤ ተባረኩ» አለች። «ሰውዬውን ግን ወሰዳችሁብኝ። አንዱን ምረጪ ካላችሁኝ ካፖርቴን አቀብሉኝ።»

ልጄ ነርሷ መለኪያውን አይታ እንደፈራችው እንዳልሆነ ነገረችን። በየጠዋቱ ሁለታችንንም ልትለካን፣ እግሬ ካበጠ አልጋዬን ራሷ ልትጎትት ቃል አስገባችን። ገባን። ይህ ተገቢ ነው፤ እሷ ሥራዋን ትሥራ። ወንዱ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም አለ። ማን ሰጠህ አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ማጠፊያ ይዤ መጥቼ በሩን እመልሳለሁ አለና ተነሣ። ከመውጣቱ በፊት ጀርባውን ሰጥቶን ስልኩን ነካካ። ግድግዳውን አየሁ። የኔ ቁጥር ትንሽ ወጣ፣ የሷ ትንሽ ወረደ። ሁለቱን አቀራርቧቸዋል። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

እሱ እንደሄደ መጋዙን አወጣሁ። ቀስ ብዬ፣ እያረፍኩ ነው የሠራሁት። ባለቤቴ በመስኮት ሆና ትመራኛለች። ጠማማ ቆረጥክ ትላለች፤ ጠማማ አልነበረም።

ልጄ ቃሉን ጠብቆ መጣ። ማጠፊያዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ደክሞት ነበር፤ ግቢው ውስጥ አጠገቤ ቁጭ አለ። ስለ ሥራው አወራን፣ ስለ ልጆቹ አወራን። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ግቢውን በዓይኑ ዞረው።

«በሩን የት አደረጉት፣ አባባ?»

«ተቀምጠህበታል።»

ተነሥቶ አየው። አግዳሚ ወንበሩ የድሮው ቀለም እንዳለው ነው። የእጀታው ቀዳዳ ጭኑ ባረፈበት አጠገብ አለ። ልጅ ሳለ ሲያኮርፍ በምስማር የጫረው መስመርም አልጠፋም። ጣቱን አሳለፈበት። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ማጠፊያዎቹን ኪሱ ከተተና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«አንተ በረዶ፣ መስኮቱን ከፍተህ ነው የወጣኸው። መጥተህ ዝጋ።»

ልጄ ሊዘጋላት ብድግ አለ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት።

«አልዘጋም» አልኳት።